የኋላው ሸራ በላተኛ

የኋላ ፍሬን ሸራ በጤነኛ መኪና ላይ ዓመታት ይቆያል ይባላል። በእኔ መኪና ላይ ግን ሁለት ወር ከሞላ ዕድሜ ጠገበ ማለት ነው። የፊቱ እንደ አዲስ ሆኖ የኋላው ብቻ ተበልቶ ያልቅና ብረት ከብረት ይፋጫል። መካኒካችን፣ እግዜር ይስጠው፣ ያልለወጠው ነገር የለም። የሚለውጠው ሲያልቅበት ጥፋቱን ወደ እኔ አዞረው።

"እህቴ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። አነዳድሽ ነው" አለኝ።

አነዳዴ የኋላውን ብቻ መርጦ እንዴት እንደሚበላ ስጠይቀው ስልኩ ጠራለት።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ሰርግና ምላሽ ሆነለት። መኪናዋን የገዛናት አብረን ነው። "አሁንም ካለቀ ቁልፉን ታስረክቢኛለሽ" አለ። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ የሕመምተኛ ቁስል ማጠብ ነው፤ መኪናዋ ከሄደች ሥራዬም አብሮ ይሄዳል። ወንድሜ ለዚህም መፍትሔ አላጣም። "በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው" አለኝ፣ ከሶፋው ሳይነሳ።

ከሁሉም በላይ የተቆረቆረልኝ አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖሯል፤ ተማሪዎቹ "ጋሽ ቀስበል" ይሉታል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቤት መቀመጥ ስላልሆነለት ከጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ ይዞራል። ኮቱን አጥፎ በሁለታችን መካከል ያስቀምጣል፣ ይበርደኛል ብሎ ግራ እጁን ከኮቱ ሥር ይከታል፣ ከዚያ ምክሩን ይጀምራል። "ፍሬን አታብዢ ልጄ። ሸራ የሚጨርሰው እሱ ነው።" ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት አልጠፋ ሲል እንኳ "ሽቦ ነው፣ ዓይንሽን እንዳይበጠብጥ" ብሎ የቁስል ፕላስተሬን ለጥፎበታል። እንዲህ የሚያስብ አባት ማን አለው?

በመሃል ጉንፋን ጣለውና አልጋ ላይ ዋለ። ያን ሰሞን መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። ነዳጅ ስለቅ ቁልቁለቱን ብቻዋን ትንደረደራለች፤ የሚቃጠል ነገር ሽታ የለ፣ ቸርኬው አይግል። ከዚያ አባቴ ዳነ፤ መኪናዋ ታመመች።

መኪናዋን ልናስፈትሽ ወደ ጋራዥ ስንሄድ፣ ወንድሜ እዚያ ቆሞ እየጠበቀን፣ ቁልቁለቱ ላይ ያ የሚቃጠል ሽታ መጣ። ወደ አባቴ ዞር አልኩ። ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ በቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። ከእግሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ተበስቷል። ያኔ ገባኝ። በማስተማሪያ መኪና ላይ ከአስተማሪው እግር ሥር ሌላ ፍሬን አለ፤ በእኔ መኪና ላይ የለም።

ኮቱን ገለጥኩት። እጅ ከፍንጅ። የእጅ ፍሬኑን ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ ድምፅ እንዳያሰማ ደግሞ ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጭኗል። ሙያ ማለት ይህ ነው።

"አባዬ!"

"ለጥንቃቄ ነው" አለ። ፍሬኑን ለቀቀና ኮቱን ጉልበቱ ላይ አጥፎ አስቀመጠ።

ጎማው ወጣ፤ ሸራው አልቋል። ወንድሜ እጁን ዘረጋ። ደሜ ፈልቷል፤ አንድ ቃል ብናገር ነፃ እወጣ ነበር። ግን የከተማውን ግማሽ ሾፌር ያሠለጠነ ሰው የእጅ ፍሬን ስቦ ይሄዳል ብዬ በመካኒክ ፊት እንዴት ልናገር? ቁልፉን ሰጠሁት።

"መልስላት" አለ አባቴ። "ሸራውን የበላሁት እኔ ነኝ።"

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ብቅ አለ። "እንዴት አድርገው ጋሼ?"

አባቴ በሩን ከፍቶ የእጅ ፍሬኑን ከፍ አድርጎ አሳየው።

ወንድሜ ሳቀ። "ይኸው! እሷ ስትነዳ አንተም ትፈራለህ ማለት ነው።"

"ፈርቼ መሰለህ?" አለ አባቴ፣ ወደ እኔ ሳያይ። "ስንቱ አጠገብ ተቀምጫለሁ። የእኔ እግር ያላስፈለጋት እሷ ብቻ ናት። ምን ልሥራ ታዲያ?"

ላወርድበት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ ቁልፉን ከወንድሜ እጅ ወሰድኩ።

አሁን ኮቱ ከኋላ ወንበር ላይ ነው የሚሄደው። እጁ ላይ የመድኃኒት ሳጥኔን አስይዘዋለሁ፤ እስከ ሕመምተኞቹ በር ድረስ የሚሸከመው እሱ ነው። አዲሱ ሸራ አልተነካም፤ መካኒኩም ችግሩን እሱ እንዳገኘው ለደንበኛ ሁሉ ያወራል። ቁልቁለት ስንደርስ ግን የአባቴ ቀኝ እግር አሁንም ወለሉን ይጫናል። ምንጣፉ ይቀደድ።