የአናጢው ቀልድ

ፖሊስ አይተህ መንገድ ቀይረህ ታውቃለህ? አናጢው ቀይሮ አያውቅም። እናቱ እዚሁ አገር አምጣ ወለደችው፤ እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ማልቀስ ብቻ ነው። ለዚያች ለቅሶ ዜግነት ተሰጠው።

አብሮት የሚሠራው ቫርኒሽ ቀቢ ግን ከድንበር ማዶ የመጣ ሰው ነው። ሁለቱ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲተራረቡ ይውላሉ።

አንድ ቀን አንድ ፖሊስ ያሠራውን ወንበር ሊወስድ መጣ። አናጢውን ምላሱን በላው።

«ጌታዬ፣ ወንበሩን ይተዉትና ይሄን ሰውዬ ይውሰዱልን! ወረቀት የለውም እኮ!»

ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱም ሳቀ። ያልሳቀው ቀቢው ብቻ ነበር። ፖሊሱ የቀቢውን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

«ለመሆኑ አለህ?»

«ጊዜው አልፎበት እድሳት ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«ኧረ ቀልዴን ነው!» አለ አናጢው። ፖሊሱ ግን የቀቢውን ክንድ ጨብጦ ወጣ። አናጢው የራሱን መታወቂያ ይዞ እስከ ፖሊሱ መኪና ድረስ ተከተላቸው። ማን ጠይቆት? ቀቢው ቫርኒሽ የነካ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተወሰደ።

አናጢው ምላሱን ሲረግም አደረ። ጠዋት በግማሽ የተቀባው ቁም ሳጥን አጠገብ ቆሞ ሳለ የቀቢው ሚስት ገባች። ሠራተኛው ሁሉ መጋዙን አስቀምጦ ዞረ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ነይ፣ ጓሮ ሄደን ለብቻችን እንነጋገር።»

«ለብቻችን? ባሌን ያስወሰድከው ሰው ፊት አይደል እንዴ! እንግዲያው እዚሁ፣ ሰው ፊት ንገረኝ። እሱ ያላደረገውን ምን አድርገህ ነው አንተ እዚህ የተወለድከው? መልስ!»