ከማርላ ስም ሥር

ድንጋይ ጠራቢው ክላይድ መሮውን ከጥቁሩ የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ አነሳና ቀና አለ። «ስሟ አልቋል። ከሥሩስ ምን ልቅረጽ፣ አጎቴ ሄይዋርድ?»

ሄይዋርድ ድንጋዩን በእጁ ዳሰሰ። ልጁ ማርላ የወጣችበት ጀልባ በጥቅምት ማዕበል ከሰጠመች ወዲህ አስከሬኗ አልተገኘም፤ በዚያች የኒውፋውንድላንድ የጠረፍ መንደር የሚቆምላት ይኸው ድንጋይ ብቻ ነው። በመንደሩ ደግሞ ባሕር ለበላው ሰው ሁሉ ከስሙ ሥር ሥራው ይጻፍለታል። የሄይዋርድ አባትም አያትም «ፊሸርማን» ተብለዋል። ዓሣ አጥማጅ ማለት ነው፤ ቃሉ ግን በ«ማን»፣ ማለትም በ«ወንድ» ስለሚያልቅ ወንድ ወንድ ይሸታል።

«ቄሷ ‹ፊሸር› ይበቃል ብለዋል» አለ ክላይድ። «መንግሥትም አሁን የሚጽፈው እሱን ነው። ወንድ ሴት አይልም፣ ማንንም አያስከፋም።»

«ማርላን ያስከፋታል» አለች ኤፊ፣ የሄይዋርድ ሚስት። «ያን ቃል በሰማች ቁጥር ‹መረቡን ሙሉውን ጎትቼ ስሙን በግማሽ?› ትል አልነበር?»

«‹የተወደደች ልጅ› ብንለውስ?» አለ ሄይዋርድ ቀስ ብሎ።

«አሁንም ስሟን ልትነጥቃት ነው?» አለች ኤፊ።

ሄይዋርድ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባው። አንድ ቀን ወደቡ ላይ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪው መጥቶ ማርላን ሥራዋን ሲጠይቃት «ፊሸርማን» አለች፣ ኮራ ብላ። መረብ ይጠግኑ የነበሩት ወንዶች ተሳሳቁ። ሄይዋርድ አፈረና «ኧረ እኔን ልታግዝ ነው የምትወጣው!» ብሎ ቀልድ አደረገው።  ማርላ በዓመቱ ከአባቷ ጀልባ ወርዳ በሌላ ሰው ጀልባ መውጣት ጀመረች። የሰጠመችው ያቺ ጀልባ ናት። ያን ቀልድ መልሶ ለመዋጥ ቢቻል ሄይዋርድ ያለውን ሁሉ በሰጠ ነበር።

«ፊሸርማን ብለህ ቅረጽ» አለ በመጨረሻ። «ልክ እንደ አባቴ፣ በዚያው የፊደል መጠን።»

ክላይድ መዶሻውን አነሳ። የኤፊ ፊት ግን አልተፈታም።

«ድንጋይማ አይስቅብህም» አለችው። «የነጠቅካት እዚያ ታች ወደቡ ላይ፣ ወንዶቹ ፊት ነው።»

ሄይዋርድ ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ቁልቁል ወደ ወደቡ ወረደ። ወንዶቹ እንደወትሮው ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ያን ቀን ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ሬይ ብድግ አለለት።

«ድንጋዩ አለቀ እንዴ፣ አጎቴ?»

«እያለቀ ነው።» ሄይዋርድ ወደ ሁሉም ዞረ። «ማርላ ፊሸርማን ነበረች። እኔን ልታግዝ አልነበረም የምትወጣው። ያን ቀን ዋሽቼባት ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሬይ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እኛማ ስቀን ስናበቃ አመንንላት» አለ። «እሷ ግን የምትጠብቀው ከእርስዎ አፍ ነበር።»

ሄይዋርድ ማርላ ትቀመጥበት የነበረውን የዓሣ ሳጥን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ የመረብ መጠገኛውንም መርፌ ተቀበላቸው።