ብርሃን የሚቆነጥረው ሙሽራ

ሽምግልና ከተባለ እኔን፣ ላቀውን፣ የሚቀድም የለም። ተናጋሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ያን ዕለት ግን አፌ ጉድ ሠራኝ።

የእህቴ ልጅ አዲስዓለም ጀርመን አብራው የምትማረውን ሕሊናን ላግባ አለ። እሷም «አባቴ ካልመረቁን አይሆንም» ብላ ለእረፍት አገሯ ገብታለች። እናም ሁለት ሽማግሌ አስከትዬ ከንፋስ መውጫ እነሱ ቤት፣ አርብ ገበያ ከተማ ወረድኩ። አባቷ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ገና ከመግባታችን፣ «ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

ደስ አለኝ። መንገዱን ሙሉ ሳጠናው ነበራ!

«ኳንተም ዶት ይባላል፣ የኔታ። ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ ዓይን የማያየው ቅንጣት ነው። ሲያበሩበት እሱም መልሶ ያበራል። ግን የሚለቀው ብርሃን አንድ ፍሬ፣ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ሁለት ባንዴ? ሞቶ ነው!»

መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። «ብርሃን እንኳ እየቆነጠረ የሚሰጥ ሰው ለልጄ ምን ሊሰጣት ነው? ንፉግ!»

ወይ ጣጣዬ! «ኧረ ለምስጢር ነው! መልእክት ይላክበታል። ሁለት ፍሬ ከሆነ ሌባ አንዷን ይመነትፋል፤ አንድ ስትሆን ግን ከተነካች ይታወቃል።»

«ደግሞ ምስጢረኛ!» ብለው ጭራሽ ባሰባቸው። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ያን ልጅ ምን ልበለው?

ይሄኔ ሕሊና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ለምትታጭ ልጅ ነውር ነው፤ እሷ እቴ፣ ግድም አልሰጣት።

«አባዬ፣ ቅንጣቷን የምሠራት እኔ ነኝ። እሱ የሚለካልኝ ነው።»

ክው አልኩ። ለካ ስኮራበት የቆየሁት በሰው ሙያ ነው!

«መጀመሪያ የሠራኋት ብልጭ ድርግም እያለች አስቸገረችኝ። ሌሎቹ ‹ይበቃል፣ ጥሩ ናት› አሉኝ። እሱ ግን ‹ትጠፋለች፣ ገና ነሽ› አለኝ። አለቀስኩ። ደግሜ ብሠራ፣ አሁንም ‹ገና ነሽ›። በኋላ ‹በቃ፣ ከእንግዲህ አትጠፋም› ሲለኝ፣ ውጤቱን ሳላይ አመንኩት።»

የመሪጌታ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እኔ እንኳ እንዳታለቅሽብኝ ስል ስንቴ ዋሽቼሻለሁ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጃችሁ ከእኔ ይሻላታል። ውሰዷት።»