የመሪጌታ ሰዓት ለምን ቸኮለ

ሰው በዐቢይ ጾም ኃጢአቱን ይቀንሳል፤ እኔ አልታየች ግን ዘንድሮ ጨመርኩበት። ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ እኔው ልናገርና ይውጣልኝ። የባሌን ሰዓት አበላሽቻለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ፤ አንዴ ሳላውቅ፣ አንዴ አውቄ።

ባሌ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ናቸው። ጎረቤላ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ የአገሩን ካህን ግማሹን ዜማ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዐይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆነው። በዚያ ላይ ስኳር አለባቸው። ደብረ ብርሃን ያየቻቸው ሐኪም ፊት ለፊት ነግራቸዋለች፤ «አባቴ፣ ይህን ኪኒን ጠዋት ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነ፣ አንድ ቀን ወድቀው አይነሡም። ስድስት ሰዓት ላይ ይብሉ» ብላቸዋለች። የነፍስ አባታችንም «ይብሉ፣ ፈቅጃለሁ» ብለዋል። እሳቸው እቴ! «ልጅ ሆኜ እስከ ዘጠኝ ጾሜ፣ ሸምግዬ በስድስት ልብላ?» አሉ። አለቀ። መሪጌታ አንዴ እንቢ ካሉ ጳጳስ ቢመጣም አይመልሳቸውም።

ዘጠኝ መሙላቱን የምነግራቸው እኔ ብሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እኔን አያምኑኝም፤ ልክ ናቸው። የሚያምኑት የግድግዳውን ሰዓት ነው። ደብሩ ስለ ሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው የሸለማቸው ነው፤ የመስታወት በር አለው፣ ውስጡ ጫፉ ላይ ክብ ናስ ያለበት ዘንግ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ በየሰዓቱም ይደውላል። ዘጠኝ ጊዜ ሲመታ እጃቸውን ለመታጠብ ይዘረጋሉ። ስምንት ጊዜ ከሆነ የመታው፣ ብትለምኗቸውም ብታለቅሱባቸውም አይበሉም።

ጠቋሚውን ለምን ወደ ፊት አልገፋሽውም ትሉኝ ይሆናል። ሞክሬ የለ! አሥራ ሁለትን ባለፈ ቁጥር ይደውላል፤ እሳቸው ደግሞ ቁጭ ብለው ይቆጥራሉ። «አልታየች፣ አሁን ስምንት መትቶ ወዲያው ዘጠኝ የመታው ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ። «አርጅቶ ነዋ» ብዬ መለስኩት።

ስለዚህ ሰዓቱ ሳይታወቅበት ቀስ እያለ የሚቸኩልበትን ዘዴ ማሰብ ጀመርኩ። መቼም አሳቢ ነኝ። ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን የሚወርድ የተጫነ በቅሎ ከባዶው ይፈጥን የለ? ናሱም ክብደት ቢጨመርለት ይፈጥናል አልኩ። ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ዳዊት ሲደግሙ የሳጥኔን ቁልፍ በክር አሥሬ ከናሱ ሥር አንጠለጠልኩት። ሬዲዮናቸው ሰዓት እንዳይናገርብኝም ድንጋዩን አውጥቼ «ድንጋይ ጨርሷል» አልኳቸው። በብልጠቴ ኮራሁ።

ዓርብ ዕለት ከሰዓት ጭጋጉ ደጃፋችን ድረስ ወርዶ ነበር። መሪጌታን ቀና ብዬ ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ስምንት ከሩብ ይላል። ስልኬን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት። በስመ አብ! ያፈጠንኩት መስሎኝ አዘግይቼዋለሁ!

«መሪጌታ፣ ዘጠኝ ሞልቷል፤ ይነሡ ይብሉ!» አልኩ።

«አልደወለም።»

«ሰዓቱ ተበላሽቷል እኮ!»

«ሲሄድ እሰማዋለሁ። ደግሞ ምን ሆነ?»

ምን ልበል? ቁልፍ አንጠልጥዬበት ነው ልበል? ባሌ በእኔ ጥበብ አርባ አምስት ደቂቃ ተጨማሪ ተቀመጡ። ሰዓቱ እንደምንም ዘጠኝ ሲመታ የመታጠቢያውን ውኃ እንኳ በወጉ መቀበል አቃታቸው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ራሴን የምሰድበውም ስድብ አጣሁ።

ወዲያው ለልጄ ለፀደንያ ደወልኩላት። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተማሪ ናት። በማግስቱ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና መጣች። የመሪጌታ የድሮ ተማሪ ወልደአረጋይ እሳቸውን ጸበል ወስዷቸው ስለነበር ቤቱ ለእኛ ብቻ ነበር። የሰዓቱን በር ከፍታ ቁልፉን ስታይ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ክብደት ነው። እንዲፈጥን።»

«ክብደት አያፈጥነውም እኮ! ነገሩ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው።»

«እኔ ተማሪሽ አይደለሁም፤ አትገላምጪኝ። እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ» አልኳት።

ቁልፉን ፈታችና ክሩን አንድ ስንዝር ብቻ አድርጋ ከቤቱ በር ጉበን ላይ አንጠለጠለችው። አወዛወዘችው፤ ቆጠርን። ሌላ ቁልፍ እዚያው ላይ ደርባ አወዛወዘችው፤ ያው ነው፣ ቅንጣት አልፈጠነም። ቀጥላ ክሩን አራት ስንዝር አደረገችው። ወይ ጉድ! እንደ ደከመው ሰው ዝግ፣ ዝግ ማለት ጀመረ። አጭሩ ሁለት ጊዜ ሄዶ በሚመለስበት፣ ረጅሙ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ ይመለሳል።

«አየሽ እማዬ? አራት እጥፍ ሲረዝም አንዱ ውዝዋዜ ሁለት እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል። አንቺ ቁልፉን ከናሱ ሥር ስታንጠለጥዪ ክብደቱን ወደ ታች ሳብሽው። ዘንጉን አስረዘምሽው ማለት ነው። ለዚህ ነው ወደ ኋላ የቀረው።»

«ታዲያ እንዲቸኩል?»

«ማሳጠር ነዋ። ከናሱ ሥር ይቺን ዳዶ ታያለሽ? ወደ ላይ ስትጠብቅ ናሱን ከፍ ታደርገዋለች፤ ጥቂት ያጥራል፣ ጥቂት ይፈጥናል።» ይህን ብላ ጣቷን ዳዶዋ ላይ እንዳደረገች ቆመች። «እማዬ፣ አባባ ቢያውቁስ?»

«ቢያውቁ ይቆጡኛል። ባያውቁ በሕይወት ይኖሩልኛል። አንቺ የቱን ትመርጫለሽ?»

ልጄ ዳዶዋን ሦስት ዙር ወደ ላይ አጠበቀቻት። ጠቋሚውን ከስልኳ ጋር አስተካክላ «በቀን አምስት ደቂቃ ያህል ይቀድማል» አለችኝና ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

ያንን አምስት ደቂቃ እንዴት እንደወደድኩት! በመጀመሪያው ቀን አምስት፣ በሁለተኛው አሥር፣ በሦስተኛው አሥራ አምስት። ስልኬን በነጠላዬ ሥር ደብቄ አያለሁ፣ በልቤ እልል እላለሁ። ከሳምንት በኋላ የመሪጌታ ላብ ቀረ፤ ከንፈራቸውም መንቀጥቀጡን ተወ። አንድ ቀን እንዲያውም ከበሉ በኋላ ዜማ ጀመሩ። እኔ ምጣድ እያጠብኩ ሰማኋቸውና ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ጊዜ መታ። ስልኬ ስምንት ከአምስት ይላል። እጃቸውን አስታጠብኩ፣ ሽሮውንና ስልጆውን አቀረብኩ። ባረኩ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ እኔ ዘረጉ።

«አንቺ ቅደሚ» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ! ዘጠኝ ሆኗል እኮ።»

«ስምንት ነው» አሉ፤ ቁጣ የለበት፣ ምን የለበት። «ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቴ ላይ ስትደርስ ዘጠኝ ነው። አሁን ገና የእግሬ ጣት ላይ ናት። የጠፋው ዐይኔ ነው እንጂ ቆዳዬማ አልጠፋም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይምሉብኛል፣ ይረግሙኛል፣ ከእንግዲህ ከእጄ አይበሉም አልኩ። እሳቸው ግን ጉርሻቸውን ወደ እኔ እንደዘረጉ ናቸው።

«መቼ አወቁ?»

«ሳምንት አለፈው።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን በሉ?»

«ስላንቺ ነዋ» አሉ። «ሁዳዴ ከገባ ወዲህ፣ ቀትር ካለፈ ግድግዳ ተደግፈሽ ነው የምትሄጂው። መዳፍሽ ጭቃውን ሲያብስ እሰማዋለሁ። ጨጓራሽ ሲነሣብሽ ትንፋሽሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ፤ እሱንም እሰማለሁ። ሐኪሟ ያን ዕለት ላንቺም ‹አትጹሚ› ብላሻለች፤ እኔ እያለሁ አይደል የነገረችሽ? እኔ ሳልበላ እንደማትበዪ ደግሞ አውቃለሁ። ሰዓቱ መቸኮሉን ሳውቅ፣ እሰይ፣ አልታየች ቶሎ ትበላለች ብዬ ዝም አልኩ።»

ይህን ለፀደንያም አልነገርኳትም። ለእናንተም አልነገርኳችሁም። ሆዴ እንደ እሳት ሲፋጅ የሚያውቅብኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። እሳቸው የእኔን ሕመም እየቆጠሩ፣ እኔ የእሳቸውን እየቆጠርኩ፣ ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ተደባብቀን ኖረናል።

«ሰዓቱን ግን ወደ ልኩ መልሺው» አሉኝ። «ውሸታም ሰዓት ቤት ውስጥ ሰቅሎ መቀመጥ ነውር ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከነገ ጀምሮ ሰዓት አልሰማም። ሐኪሟ እንዳለችው በስድስት ነይና ‹ይብሉ› በዪኝ፤ እበላለሁ። አብረሽኝ ከበላሽ ነው ታዲያ።»

አርባ ሰባት ዓመት በትዳር ስንኖር መሪጌታ በአንድ ቃል እሺ ብለውኝ አያውቁም። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ድምፄን ተከትለው ጉርሻውን ከተቱብኝ። እያለቀስኩ በላሁት።