የተረከዝ ብረት

“ጋሼ፣ ከዛፉ ኋላ ጥላው ደስ ይላል?” አለች መምህርቷ፣ ፊቷን እንኳ ሳትመልስ።

ጫማ ሠሪው ግንዱን እንደ ተደገፈ ትንፋሹን ዋጠ። መምህርቷ ራሷ እንደ ልጁ ዓይነ ስውር ናት፤ በምን አየችኝ ብሎ ሲደናገር፣ ከመንገዱ ዳር ነጭ በትሯን ይዛ የቆመችው የዘጠኝ ዓመት ልጁ ከት ብላ ሳቀች። አንድ እግሯ ውኃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ነው።

“አባዬ! ሱቅህን ዘግተህ መጣህ?”

“ኧረ ቆዳ ልገዛ ሳልፍ ነው።”

“ቆዳ ዛፍ ላይ መብቀል ጀመረ በሉኛ!” አለች መምህርቷ። ልጅቷ ይብሱን ተንከተከተች።

ይኼ ሳቅ ድሮ የእሱ ነበር። የመምህርቷ ከሆነ ሁለተኛ ወሩን ይዟል፤ አንጀቱን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጅቷን ያሳደጋት ብቻውን ነው። ገና ዳዴ ስትል፣ የት እንዳለሁ አጥታ እንዳትደነግጥ ብሎ በሁለቱም ጫማው ተረከዝ ላይ ብረት መታ። ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ድምፁን ይዛ ትመጣለታለች። ስታድግም እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆኑ፤ ጉድጓድ ሲያጋጥመው ይዞራል፣ ዱካውን ሰምታ እሷም ትዞራለች። ሰፈርተኛው “ፈረሱ” ብሎ ስም አወጣለት። አልከፋውም። እንዲያውም ከልጁ ጆሮ ውስጥ እንደ እሱ የገባ ማን አለና!

ነጩ በትር እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ። አሁን ራት ሲቀርብ ወሬው ሁሉ “ቲቸር እንዲህ አለች” ሆኗል። በትሩ ከፊቷ የሚሄድ ረጅም ጣት ነው፤ አስፋልትና አፈር ድምፃቸው ለየቅል ነው፤ ሁሉንም ያለችው ቲቸር ናት። ልጅቷ ስትተኛ በትሯን አጣጥፋ ከራስጌዋ ታስቀምጠዋለች። እዚያ ቦታ ላይ የሚያድረው የእሱ እጅ ነበር።

ከሱቁ አጠገብ የምትሠራው ልብስ ሰፊ ይህን ስትሰማ መርፌዋን በጥርሷ እንደ ነከሰች ነበር የሳቀችበት። “ሰው በሚስቱ ይቀናል። አንተ ፈረሱ፣ በቧንቧ በትር ትቀናለህ?”

“ቀንቼ አይደለም። መኪናው፣ ጉድጓዱ ...”

“ተወኝ እባክህ! ለእኔ ነው የምትዋሸው?”

ከመንገዱ ዳር ሳቁ ሲበርድ መምህርቷ ልጅቷን ራቅ አድርጋ አቆመችና በትሯን እየሳበች ወደ ዛፉ መጣች። ቀልዱ ከድምፅዋ ወጥቷል።

“ቀጥ ብላ እየሄደች ነበር። ተረከዝዎን መቱ፤ ትታው ወደ እርስዎ ዞረች፤ ቦይ ገባች። ባለፈው ሳምንትም እዚሁ ቀጭ ብሏል። ያፍራሉ ብዬ ዝም አልኩ።”

“አባቷ እኮ ነኝ።”

“ለዚህ ነው የምነግርዎ። እኔን እናቴ እስከ ሃያ ዓመቴ እጄን ይዛ ነው የመራችኝ። ስትሞት ከበራችን መውጣት አቃተኝ። ቀብሯ ላይ የደረስኩት በጎረቤት እጅ ነው።” ቀጥላም፣ “ነገ ብቻዋን ከትምህርት ቤት ሱቅዎ ድረስ ትመጣለች። ካልሆነላት ለሚመጣው ዓመት ትልቁ ትምህርት ቤት አይቀበላትም፤ ብቻውን የማይመላለስ ልጅ አንወስድም ብለዋል። እርስዎ ከወንበርዎ እንዳይነሡ” አለች።

በማግስቱ ወንበሩ እሾህ አበቀለበት። የያዘውን ጫማ ሁለት ጊዜ ሰፍቶ ሁለት ጊዜ ፈታው። በመጨረሻ ሽርጡን እንዳሸረጠ፣ ጉጠቱን ከኪሱ እንደ ከተተ፣ በጓሮ በኩል አቋርጦ ዳቦ ቤቱ ያለበት ማዕዘን ደረሰ። ልጅቷ የዳቦ ሽታ ሲሸታት ወደ ቀኝ እንድትታጠፍ ነው የተነገራት።

ዛሬ ግን የዱቄት መኪና የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ ቆሟል። በመኪናውና በግድግዳው መካከል የቀረው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነው። እሱ ከክፍተቱ ወዲህ፣ በሱቁ በኩል፣ ከግድግዳው ተለጥፎ ቆመ።

ጠቅ፣ ጠቅ እያለች መጣች። በትሯ ከጎማው ተላተመ። ቆመች። ጎማውን ወጋ ወጋ አደረገችው። ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ ጆሮዋን ወደ አየሩ ሰጠች። ያንን አንገት ያውቀዋል፤ ተረከዙን እየፈለገች ነው።

“አባዬ?” አለች በቀስታ።

ደስታ ደረቱን ሞላው። አሁንም የምትፈልገው እሱን ነው! አንዴ ብቻ ቀጭ ቢያደርግ በትሩም ቲቸርም ገደል ገቡ፣ ልጁ የእሱ ናት። ተረከዙን አነሣ።

ወዲያው በጎረቤት እጅ ቀብር የደረሰችው ልጅ ታወሰችው። “እኔ የሞትኩ ቀን ማን ይረግጥላታል?” አለ በልቡ። ያነሣውን እግር በጣቱ በኩል ቀስ አድርጎ መለሰው። አጎነበሰ፤ ክሩን ፈታ፤ ጫማዎቹን አውልቆ ብብቱ ሥር ያዘ። ፀሐይ የመታው አስፋልት ባዶ እግሩን ለበለበው።

ልጅቷ ጠበቀች። ምንም የለም። ትከሻዋ ወረደ። ኋላ ግን በትሯን በጎማው ዳር ዳር አስኬደች፤ ግድግዳውን አገኘች፤ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ስባ በጎን ሾለከች። በቀጥታ ወደ እሱ መጣች። የበትሯ ጫፍ የእግሩን አውራ ጣት ነካ።

“ይቅርታ፣ አላመመዎትም?” አለች።

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን አንቱ አለችው። የሚታወቅበትን የጫማ ማጣበቂያ ማስቲሽ ሽታ የዳቦው ሽታ ውጦታል። “ልጄ” የሚለው ቃል እስከ ጥርሱ መጥቶ ነበር፤ ነክሶ አስቀረው። ማየት እንደማትችል ረስቶ አላመመኝም ለማለት ራሱን ነቀነቀ።

ዘወር ብላ አለፈችው፤ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ጠቅታዋ ፈጠን አለ።

ጋጋሪው ነጭ በነጭ ሆኖ ከበሩ ብቅ አለ። “ፈረሱ! ያቺ ልጅህ አይደለችም እንዴ? ምነው ባዶ እግርህን?”

“ድምፅህን ቀንስ። ሱቅ ቀድማኝ ትድረስ።”

ከዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። አንዱን ጫማ ገልብጦ ጉልበቶቹ መካከል ያዘና ጉጠቱን ከኪሱ አወጣ። ብረቱ ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ተረገጠ አብረቅርቋል። ጉጠቱን ከመጀመሪያው ሚስማር ራስ ሥር አስገባና ሳበው።