ሰባተኛው ንባብ

«እኔ የምለው፣ ምን ቢያጠፋ ነው ያለ ቅዳሴ የቀበሩት?» አለች አክስት። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ሳሎን ሙሉ ለቀስተኛ ግን ሰምቷታል። የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ከሩቅ ስትመጣ ቀብሩ አምልጧት፣ ብስጭቷን የምታሳርፍበት ሰው እየፈለገች ነው።

የሟቹ ልጅ መጋረጃ እየሰፋች ነው የምትተዳደረው፤ አባቷ ስቅለት ማታ ከሞተ ጀምሮ የሳሎኑን መጋረጃ ጠርዝ ታያለች። ስፌቱ በአንድ ወገን ወርዷል። ተፈትቶ እንደገና መሰፋት አለበት ትላለች በልቧ፤ ሌላ የምታስበው የላትም። ሰዉ ለትንሣኤ «እንኳን አደረሳችሁ» ሊል ይከጅልና አፉን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይላታል። ምኑ እንደሚወጣላት አታውቅም። ውስጧ ደርቋል።

«አጥፍተው አይደለም» አለ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ፣ ነገር ያበረደ መስሎት። «መምህር ከአባ ጋር ተኳርፈው ስለነበር ነው።»

እናቷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ይህን ሰማች። ፊቷ ጠቆረ።

ኩርፊያውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ በሰፈሩ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በቁምስናው፣ ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማረ ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ ስሙን ትቶ «መምህር» ነው የሚለው። ደግነቱ ብዙ፣ ግትርነቱ ከደግነቱም የሚበልጥ። በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት ከብሉይ ኪዳን ሰባት ንባብ ይነበባል፤ ከፍጥረት ተጀምሮ በነቢዩ ሕዝቅኤል ያልቃል። አዲሱ ቄስ ባለፈው ዓመት «ሕዝቡ ይደክመዋል፤ ሥርዓቱም ይፈቅድልናል» ብለው ወደ ሦስት አወረዱት። መምህር ቱግ አለ።

«እግዜር ዓለምን ሲያድን ሳይደክመው፣ እኛ ቁጭ ብለን መስማት ደከመን?»

ቄሱም ወጣት ናቸውና ቃል መለሱ። ከዚያ ወዲህ መምህር ለቅዳሴ ይመጣና ከኋላ ይቀመጣል፤ ማስተማሩን ግን እርግፍ አድርጎ ተወ። ቤት ውስጥ ሲበላም ሲጠጣም ወሬው እሱው ሆነ። «ሲቆርጡ እኮ መጨረሻውን ነው የቆረጡት! ያንን የድንጋይ ልብ ወጥቶ የሥጋ ልብ የሚገባበትን። እሱን ሳይሰሙ ምኑን ፋሲካ አደረጉት?» ይላል። ልጅቱ ትስቅበት ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ ሜሮን ከተቀባች ወዲህ ያስተማራትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነው የኖረችው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቄሱ ራሳቸው መጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ። እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወንበር የሰጣቸው የለም፤ በሩ አጠገብ እንደቆሙ ቀሩ።

ልጅቱ ተነሣች። ድምጿ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

«አባ፣ እናቴ እህል አልቀመሰችም። ቂም ይዘውበት ከሆነ ይንገሩንና እንወቀው። አባቴን ቅዳሴ የነፈጉት ለምንድን ነው?»

«ቅዳሜ እኮ ነበር፣ እህቴ» አሉ ቄሱ ግራ ገብቷቸው።

ቅዳሜ። ልጅ ሳለች በስቅለት ማግስት አባቷ እጇን ይዞ ቤተ ክርስቲያን አስገብቷት ነበር። መሠዊያው ልብሱ ተገፎ፣ ቅዱስ ቁርባን የሚቀመጥበት ሣጥን በሩ ወለል ብሎ ባዶውን።

«አባዬ፣ ማን ሰረቀው?»

«ማንም። ዛሬ በዓለም ሙሉ ቅዳሴ የለም። ጌታ መቃብር ውስጥ ነው፤ እኛ ደጅ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።»

«ዛሬ ሰው ቢቀበርስ?»

«በጸሎት ብቻ ይቀበራል፤ ቅዳሴው ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።»

«ውይ፣ ያሳዝናል።»

«ምኑ ያሳዝናል? ከጌታ ጋር ጎረቤት ሆኖ ያድር የለ!» ብሎ በዚያ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከት ብሎ ሳቀ።

«እማዬ» አለች ልጅቱ ወደ ግድግዳው። «ማንም አልነፈገውም። ጳጳስም ቢሆን ቅዳሜ ከተቀበረ ያለ ቅዳሴ ነው። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ፤ ረስቼው ነው።»

«ታዲያ ቀብሩ ላይ ይህን የሚናገር ሰው ጠፋ?» አለች አክስት።

«እኔ ነበርኩ መናገር የነበረብኝ» አሉ ቄሱ። «የቆመው ሁሉ የመምህር ተማሪ ነው፤ ያውቀዋል ብዬ ዝም አልኩ። የነገው ቅዳሴ ለእሳቸው ነው። ቅዳሜ ሌሊትም... ሰባቱንም አስነበብኩ።»

እናት ከግድግዳው ዞረች።

«ሰባቱንም?»

«ሰባቱንም። ሕዝቡ ተቁነጠነጠ፣ ሕፃናት አለቀሱ። ሕዝቅኤልን ራሴ ነኝ ያነበብኩት። በሕይወት ሳሉ ማድረግ ነበረብኝ።»

«አንድ ቀን» አለች እናት። «አንድ ቀን ቢቆይ ኖሮ ይሰማው ነበር።»

አክስት ተነሥታ ወንበሯን ለቄሱ ለቀቀች።

ልጅቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ከመደርደሪያ አውርዳ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ሕዝቅኤል የት እንዳለ ስለማታውቅ ብዙ ገጽ ገለበጠች። ስታገኘው ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስለ ንጹሕ ውሃ የሚለውን ደህና አለፈችው። ስለ አዲስ ልብ የሚለው ላይ ደረሰች። መስመሩ እንዳይጠፋባት ጣቷን አስቀመጠችበትና አለቀሰች።