በገመድ አትወጣም

ቋ!

ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋረጡ። ብረት ቆርቆሮ ላይ የወደቀ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ቋ!

«ምንድን ነው?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የሻይ ብርጭቆውን ከከንፈሩ ሳያርቅ።

መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ግቢውን አየችና መልሳ ለቀቀችው። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል በመሀረቧ ያዘችው።

«ድመት ናት።»

«ድመት ብሎን ትፈታለች?»

«የዘንድሮ ድመት ምን የማታደርገው አለ ጋሼ!»

ታላቅ ወንድሙ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ግቢው ውስጥ፣ አፍንጫዋን ወደ ቤቱ ግድግዳ አስጠግታ፣ ባለሁለት ወንበሯ ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። በተከፈተው የሾፌር በር ሁለት እግሮች ወጥተዋል፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ካልሲ፣ ነጠላ ጫማ። የቀረው ሰውነት ውስጥ ተደፍቷል። የሟቹ ሚስት ናት። ባሏን ከቀበረች ገና ሳምንት አልሞላትም።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ብሎን እየፈታሁ።» ቀና አላለችም።

«ቤት ሙሉ ሰው ተቀምጦ?»

«ይቀመጡ። እኔ መቀመጥ ሰለቸኝ።»

«ሐዘን ላይ ነሽ እኮ!»

«ታዲያ ይሄ ምን መሰለህ፣ ጋሼ?»

ወንድምየው ወደ ሳሎኑ መስኮት ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጎታች መኪና ጠርቻለሁ። ከምሳ በኋላ መጥቶ አስሮ ይወስዳታል። ነገ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። ይሄን አሻንጉሊት፣ ያውም ሆዱ የተዘረገፈ አሻንጉሊት፣ ደጃፍ ላይ አይተው ምን ይላሉ? የሞተብን እኮ የተከበረ ሰው ነው።»

አሁን ቀና አለች። ግንባሯ ላይ የጥቁር ዘይት የጣት አሻራ አርፏል።

«በገመድ አትወጣም» አለች።

«ማርሽ የላት፣ ምን የላት፤ ባዶ ጉድጓድ ነው ያላት። በምን ልትወጣ ነው? በጸሎት?»

«በማርሽ።»

ተመልሳ ተደፋች። ሦስተኛው ብሎን ወደቀ።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ አውቶብስ ነድቷል። የአውቶብሱ የማርሽ ዘንግ ከዘራ የሚያህል ነበር። «ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ለመሄድ ስንቅ ያስፈልጋል» ይል ነበር። ማታ ሲገባ ቀኝ ትከሻውን በሞቀ ውሃ ታሽለታለች፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ይላል። ዝምታውን ሰው ሁሉ ጨዋነት ብሎ ወሰደለት። እሷ ግን ከዝምታው ሥር የሆነ ነገር እግሩን እንደሚያወዛውዝ ታውቅ ነበር፤ ወረፋ የሰለቸው ሰው እንደሚያደርገው።

ጡረታ ሲወጣ ሱቅ ይከፍታል ብለው ሲጠብቁት ቀለሟ የተላጠች፣ ሞተሯ የማይነሳ ባለሁለት ወንበር መኪና በገመድ አስጎትቶ መጣ። ሰፈሩ ሳቀ። ታላቅ ወንድሙ አኮረፈ። ልብስ ሰፊዋ «ደሞ ለስንት ሰው ነው ይቺ?» ስትለው «ሁለት ወንበር አላት፣ እኛም ሁለት ነን። እናንተን ማን ጠራችሁ?» አላት። ከዚያ የበሩን መቀርቀሪያ እየዘጋ ለሚስቱ «በገመድ ገባች፤ በገመድ ግን አትወጣም» አላት። እንደ ቀልድ ነበር ያለው። ሞተሯን ፈትቶ እስኪገጥም፣ ቀለሟን እስኪቀባ፣ ከሥራው አልተነሳም። መብራት የምትይዝለት እሷ ነበረች፤ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል፣ በተሳፋሪው ወንበር ተንበርክካ።

እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ሳሎን ገባች። ባሏ ያመጣው አዲሱ የማርሽ ዘንግ ከብርጭቆ መደርደሪያው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰዎቹ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት።

«እንዲያው ትዕግሥቱ!» ይላል በባሏ አውቶብስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረው ሰውዬ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ስንት ዘመን አብሬው ስሠራ አንድ ቀን ሰው ሲቀድም አላየሁትም። ሰው ቀድሞ የማያውቅ ሰው!»

«ከልጅነቱም ዝግ ያለ ነበር» አለ ታላቅ ወንድሙ። «ገና ሲፈጠር የረጋ።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ራስ መነቅነቅ አንገበገባት። ሌላ ሰው ቀብረው፣ ለሌላ ሰው የሚያለቅሱ መሰላት። መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችው።

«ቀድሟል» አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ባለፈው ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ቀድሟል። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ደግሞ ጮኸ።»

«ጮኸ?» አለ ትኬት ቆራጩ።

«ኧረግ! እየሳቀ ነዋ የጮኸው!»

ያንን ሳቅ በትዳር ዘመናቸው ሰምታው አታውቅም ነበር። የጭነት መኪናው ጎን እንደ ግንብ አልፎ ወደ ኋላ ሲቀር አፉን ከፍቶ፣ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ሳቀ። መንገዱ ዳር አቆመ። ከዚያ ወርዶ ዞረና በእሷ በኩል ያለውን በር ከፈተ። «በይ ተራሽ ነው» አላት። መንዳት የተማረችው እዚያ ነው። መንጃ ፈቃዷን ያወጣችውም ለማንም ሳትናገር ነው።

«እንዲህ ያለ ወሬ በሐዘን ቤት...» ብሎ ጀመረ ወንድምየው።

ጥግ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው የተቀመጡት የሟቹ እናት ከቀብር ወዲህ ከአፋቸው ቃል አልወጣም ነበር። ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ «ዝግ ያልከው አንተ ነህ» አሉት ልጃቸውን። «እሱን ሮጦ የያዘው ሰው የለም።»

እሷ ዘንጉን ይዛ ወደ ግቢው ተመለሰች።

የመኪናዋ የማርሽ ጉድጓድ በቆርቆሮ ተከድኖ የነበረው አቧራ እንዳይገባበት ነው፤ በሦስቱ ብሎን አሳስሮት የሄደው እሱ ራሱ ነበር። አሮጌውን ዘንግ በነቀለበት ጠዋት አዲሱን በመዳፉ ላይ አጋድሞ አሳይቷታል። ከመጋጠሚያው ኳስ በታች ረዘም፣ በላይ አጠር ያለ ነው። «ከሥር ሲረዝም ላይ እጅሽ የሚሄደው መንገድ ያጥራል። ትከሻ አይፈልግም፣ የእጅ አንጓ ይበቃዋል።» ከዚያ ዘንጉን እያገላበጠ «ዕድሜዬ ያለቀው በመንዳት መስሎሻል? ማርሽ በመቀየር ነው። የቀረችኝን እንኳ ባጭሩ ልቀይራት» አለ። ምሳ ደርሶ ነበር። እጄን ልታጠብ ብሎ ገባ። የቧንቧው ውሃ ሲፈስ ትሰማለች። ሲፈስ፣ ሲፈስ፣ አልቆም ሲል ሄደች። ሳሙናው ገና እጁ ውስጥ ነበር።

አሁን ጣቷን በጉድጓዱ ጥቁር ዘይት ውስጥ አጠለቀች። ከአሮጌው ዘንግ ጫፍ የወለቀች ነጭ ፕላስቲክ እዚያው ቀርታለች። ስለሷ አስጠንቅቋታል፤ «ረስተሽ አዲሱን ከሰካሽበት፣ ሳንቲም እንደዋጠ ሕፃን ነው የሚያስለቅስሽ» ብሏት ነበር። አወጣቻት። አዲሷን ዘንጉ ጫፍ ላይ አለበሰች፣ ኳሱን ግራሶ ቀባች፣ ቀጥ አድርጋ ሰካችና በሁለት እጇ ተጫነችው። ጠቅ አለ። ዘንጉ ከላይ ጎበጥ ያለ ነው። ጉብጠቱ ወዴት እንደሚዞር ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ አሮጌውን ስታየው ኖራለች። ጀርባውን ወደ እሷ ይሰጥ ነበር። አሁንም ጀርባውን ወደ እሷ አድርጋ አሰረችው። ዘንጉ ግርጌ የሚለብሰውን ቆዳና የፕላስቲክ መሸፈኛውን መለሰች። በሾፌሩ ወንበር ተቀምጣ ፍሪሲዮኑን ረገጠች። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ ገባ። የኋላ ማርሽ...

አልገባም። ዘንጉ ከመሸፈኛው የቀኝ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። እንደገና ሞከረች። ቀጭ! እንደገና። ቀጭ!

መኪናዋ አፍንጫዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ነው የቆመችው። ያለ ኋላ ማርሽ ከግቢው መውጣት የለም።

ከበሩ ውጭ ከባድ ሞተር እያጓራ መጥቶ ቆመ። ለቀስተኞቹ ሁሉ ወጥተው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ወንድምየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተውና ጎታቹን ሾፌር በእጁ ጠራ። ሾፌሩ፣ ወፍራም ሰውዬ፣ ገመዱን በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ።

«እሰራት» አለ ወንድምየው።

«ማንም እንዳይነካት!»

«አልገባልሽም እኮ! ሁላችንም ሰማን።» ወደ መኪናዋ መስኮት ጎንበስ አለ። «ስሚ። ለኔም ወንድሜ ነው። ሰው እንዲስቅበት አልፈልግም።»

«እሱ ራሱ ስቋል፣ ጋሼ። የሳቀባትን መኪና ደብቃችሁ የማላውቀውን ሰው አታስቀምጡልኝ።»

«ጨዋ ሰው ብለው ቢያስቡት ምን ይጎዳሻል?»

«እሱን ይጎዳዋል!»

ሾፌሩ ገመዱን ይዞ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። «እናንተ እስክትስማሙ ሻይ ይኖራል?» አለ።

«ይኖራል» አለች ልብስ ሰፊዋ ከበረንዳው፤ «ቀስ ብለህ ጠጣ እንጂ። ትኩስ ነው፤ በጣም ትኩስ።»

ሚስትየዋ በመስኮቱ የሚያያትን ዋርሳዋን ላለማየት ወርዳ መኪናዋን ዞረች። ሳታስበው የቀኙን በር ከፍታ በተሳፋሪው ወንበር፣ በለመደችው ቦታ፣ ተንበረከከች። ዘንጉን አየችው። ፊት ለፊት ወደ እሷ ጎብጦ ያያታል።

እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከዚህ ወንበር ሲታይ ሁልጊዜ ጀርባውን ነበር የሚሰጣት። ፊቱ ወደሚነዳው ሰው ነው።

«ውይ ሞኝ» አለች ለራሷ። እሷ ቦታ ለውጣለች፤ ዓይኗ ግን ገና እዚሁ መብራት ይዞ ተንበርክኳል።

ብሎኖቹን በፍጥነት ፈታች። ዘንጉን አዙራ ሰካች፣ አሰረች። ቆዳውን ለመመለስ ጊዜ አላጠፋችም። በሾፌሩ በር ገብታ ስትቀመጥ የዘንጉ ጉብጠት ወደ እሷ መጣ፤ እጇ ሳትዘረጋው ደረሰበት። ቁልፉን ጠመዘዘች። ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ተነሳ፤ የበረንዳው መስታወት ነዘረ።

«ምን ትጠብቃለህ? እሰር እንጂ!» አለ ወንድምየው።

«ኧረ ጋሼ፣» አለ ሾፌሩ ብርጭቆውን ለልብስ ሰፊዋ እየመለሰ፣ «እኔ የምጎትተው የቆመ መኪና ነው። ይቺ ቆማለች?» ገመዱን ጠቅልሎ መኪናውን ከበሩ ሊያነሳ ሄደ።

በበረንዳው የተደረደሩት ሰዎች መሀል መንገድ ተከፈተ። የሟቹ እናት በካልሲያቸው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወረዱ። ትኬት ቆራጩ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ በክርናቸው መለሱት። የቀኙን በር ከፈቱ። ቁና ቁና እየተነፈሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ ከበሩ ሥር ሰበሰቡና በሩን ዘጉት።

«እማዬ! እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ልጃቸው።

ወደ ፊት ያያሉ።

«አንቺ፣ ወዴት እየወሰድሻቸው ነው? ቤት ሙሉ ሰው ትተሽ!»

ዘንጉን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጋ ወደ ኋላ ሳበችው። ገባ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከበሩ ወጣች፣ ጎዳናው ላይ ዞረች። አንደኛ። አሮጊቷ ከእግራቸው ሥር የሚመጣውን ንዝረት አዳመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ግራ እጃቸውን አንስተው፣ ዘንጉን በያዘው በዘይት የጠቆረ እጅ ላይ አሳረፉ፤ ሁለተኛውን ማርሽ አብረው አስገቡት።